በአማተር እሽቅድምድም መኪና ውስጥ አሽከርካሪን ማቀዝቀዝ

በአማተር የመኪና እሽቅድምድም አሽከርካሪን ማቀዝቀዝ ሙቀት ወደ ጋቢና እንዳይገባ መከላከልን፣ አየር ማዘዋወርንና በበረዶ ውኃ የሰውነትን ሙቀት መቀነስን የሚያጠቃልል የደኅንነት ሥራ ነው። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በረጅም ሰዓት ውድድሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ» የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በደንቡ መሠረት ዋጋቸው ከ500 ዶላር አይበልጥም የሚባሉ አሮጌ መኪኖች ይሮጡበታል። አሽከርካሪዎቹ እየተፈራረቁ ይነዳሉ፤ አንዱ ተረኛ አንዴ መሪ ከጨበጠ አንድ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

የሙቀቱ ምንጭ

የመንገድ መኪና ለውድድር ሲዘጋጅ ኤር ኮንዲሽነሩ፣ ምንጣፉና ወለሉ ላይ የተለጠፈው ድምፅ ማፈኛ ክብደት ለመቀነስ ይነቀላሉ። ከዚያ በኋላ በአሽከርካሪው እግርና በጭስ ማውጫው መካከል የሚቀረው ስስ ላሜራ ነው። ከፔዳሎቹ ወዲያ ሞተሩ፣ ከጎን ካምቢዮው፣ ከሥር ማርሚታው ያግሉታል። በበጋ የጋቢናው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

አለባበሱም ይጨምርበታል። እሳት መከላከያው ቱታ፣ ከሥሩ የሚለበሰው ሙሉ የውስጥ ልብስ፣ የፊት ጭንብሉ፣ ጓንቱና ሄልሜቱ የውጭውን እሳት ሲከላከሉ የሰውነትንም ሙቀት አፍነው ይይዛሉ። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተን፣ ከ7 ኪሎ በላይ በረዶ ለመቅለጥ የሚፈልገውን ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቱታ ውስጥ ግን አብዛኛው ላብ ጨርቁን አርሶ ይቀራል፤ አሽከርካሪው ውኃውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን አያገኝም።

ሙቀቱ ሲበረታ አሽከርካሪው ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ይስታል፣ የተውለበለበ ባንዲራ ያመልጠዋል፣ በሬዲዮ ለተጠየቀው የማይገናኝ መልስ ይሰጣል። እንዴት ነህ ሲባል ግን «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ለእሱ መተው አይገባም፤ መወሰን ያለበት ከውጭ የሚከታተለው ሰው ነው። ብርቱ ሥልጠና ያላቸው የፎርሙላ 1 አሽከርካሪዎች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 በኳታር ተቸግረዋል፤ ሎጋን ሳርጀንት ውድድሩን አቋርጧል፣ ኤስቴባን ኦኮን ሄልሜቱ ውስጥ አስመልሶታል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ለ2025 ባወጣው ደንብ፣ «ሂት ኢንዴክስ» የሚባለው የሙቀት መለኪያ ከ31 ዲግሪ እንደሚያልፍ ሲተነበይ መኪኖቹ የአሽከርካሪ ማቀዝቀዣ እንዲገጠምላቸው ወስኗል።

ላሜራና አየር

አማተር ቡድኖች ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ውድ ማቀዝቀዣ ገዝተው የተበሳ ወለል እንደተበሳ ይተዉታል። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ያሉ የሽቦና የቱቦ ቀዳዳዎችን በላሜራ መድፈን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን እሳትና ጭስንም ይከለክላል። ከጭስ ማውጫው በላይ የሚታሰር የአልሙኒየም ጋሻም ይረዳል፤ ከወለሉ ጋር ከተጣበቀ ግን ሙቀቱን መልሶ ስለሚያስተላልፍ በመካከላቸው የጣት ያህል ክፍተት መተው አለበት።

አየር ለማስገባት የተለመደው ከመኪናው ገጽ ሳይወጣ አየር የሚስበው የ«ናካ» መግቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የአቪዬሽን ምርምር ለአውሮፕላን የተቀረጸ ነው። ብዙዎች መግቢያውን አሳምረው መውጫውን ይረሳሉ። መውጫ ከሌለ አየሩ ጋቢና ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ አዲስም አይገባም። ከመኪናው ኋላ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል የጭስ ማውጫው ጭስ እዚያው ይከማቻል፤ በኋላ ሣጥኑና በመብራቶቹ ዙሪያ ባሉ ክፍተቶችም ወደ ውስጥ ይሳባል። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያስከትለው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የሙቀት ሕመም ይመስላል። «ሙቀቱ ነው» ተብሎ የታለፈ አሽከርካሪ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ወደ ሄልሜት አየር የሚነፉ መሣሪያዎች ተራ ማጣሪያም ይህን ጋዝ አያስቀርም።

የውኃ ካናቴራ

ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰፉበትና የበረዶ ውኃ የሚዘዋወርበት ካናቴራ መነሻው አቪዬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ውስጥ ለአብራሪዎች ተሞክሯል፤ በኋላም የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ከጠፈር ልብሳቸው ሥር ለብሰውታል። የአማተሩ መሣሪያ ያው አሠራር ነው፤ የሽርሽር በረዶ ሣጥን፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕና ሁለት ቱቦ። ሣጥኑ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን መታሰር አለበት፤ በግጭት ጊዜ ሙሉ ሣጥን ሰው ይገድላል። መጋጠሚያዎቹም አሽከርካሪው ከሚነድ መኪና ሲወጣ በአንድ ጉተታ መላቀቅ ይገባቸዋል።

5 ኪሎ በረዶ ከሰውነት 250 ዋት ሙቀት እየወሰደ ቢቀልጥ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ያገለግላል። ሣጥኑ ከጋቢናው የሚስበው ሙቀት ግን ከዚህ ላይ ይቀንሳል። የተፈጨ በረዶ ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ጠርሙስ ውስጥ የረጋ በረዶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የተለመደው ብልሽት የፓምፑ አይደለም፤ የትከሻ ቀበቶው ሲጠበቅ ቱቦውን ይጫነውና ውኃው ይቆማል። በረዶው ካለቀ በኋላ ፓምፑን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ካልጠፋ ካናቴራው የጋቢናውን ሙቀት ደረት ላይ ያዘዋውራል።

አሽከርካሪው ተረኛ ከመሆኑ በፊትና መኪና ውስጥ ሆኖ ጨው ያለበት መጠጥ ይጠጣል። የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ግራ የተጋባ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ነገሩ የሙቀት ምት ነው፤ አምቡላንስ እየተጠራ ቱታው ይወልቃል፣ ገላው በበረዶ ውኃ ይነከራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።