ብርኩታና ፕሪሙስ

አሮጌ የጦር ሜዳ ምድጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ናቸው፡፡ ጥላሸቱን ጠርገው፣ ነሐሱን ወልውለው፣ ለዓመታት የጠፋውን ነበልባል ዳግም ሲያስነሡት ደስታቸው የልጅ ደስታ ነው፡፡ አልፈርድባቸውም፤ ዕቃው በእርግጥ ያምራል፡፡

ቀደምቱ ፕሪሙስ ነው፡፡ ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 የፈለሰፈው ይህ ምድጃ ክር የለውም፡፡ ላምባው በፓምፕ አየር ተገፍቶ በጋለ ቧንቧ ሲያልፍ ይተናል፤ በቀጭን አፍንጫ ወጥቶ ሲቀጣጠልም ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል፡፡ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ፕሪሙስ አብሮት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ለወታደር የሚመጥን ትንሽ ምድጃ ለኮልማን ኩባንያ አሠራ፤ ቤንዚን የሚያነድ፣ የአሉሚኒየም ማኅደሩ ራሱ ድስት የሚሆን፡፡

የእኛ ዘማችስ ምድጃው ምን ነበር?

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወዲህ፣ መቅደላ ትገኛለች፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በመጋቢት 1860 ዓ.ም. እዚያ ደረሱ፡፡ ከዙላ የተነሣው የናፒየር ጦር ከሌላው አጋሰስ ሌላ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት፡፡ የንጉሡን ሠራዊት የሚያበላው ግን ከኋላ የሚከተለው ጓዝ ነበር፤ ይልቁንም ሴቶቹ፡፡ የዘመቻ ታሪክ ሲጻፍ የመድፉ ክብደት አይረሳም፤ ምጣድ የተሸከመችው ሴት ስም ግን የለም፡፡

በዚህ ደጋ እሳት ውድ ነገር ነው፡፡ እንጨቱ ሳስቶ ኩበት ይነዳል፡፡ በመካነ ሰላም ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስልም፡፡ የመንገደኛ ስንቅ ታዲያ እሳቱን ቤት ጨርሶ የሚወጣ ነው፡፡ በሶ ማለት ይኸው ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ስልቻ ውስጥ ገብቶአል፤ የቀረው ውኃ ብቻ ነው፡፡ ምድጃው ቆልታ ፈጭታ የሸኘችው ሴት ጓዳ ቀርቶአል፡፡

ትኩስ ሲያምር ብርኩታ አለ፡፡ ድንጋይ በእሳት ይግላል፤ ሊጥ ይድበለበልበታል፤ ፍም ላይ ይቀመጣል፡፡ ከውጭ ፍሙ፣ ከውስጥ ድንጋዩ ያበስሉታል፡፡ ፓምፕ የለው፣ አፍንጫው አይደፈን፣ መለዋወጫ አይፈልግ!

ሁለቱ ዓለማት የተገናኙት በኮሪያ ነው፡፡ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ የአሜሪካን ትጥቅና ስንቅ ተቀበለ፡፡ አባቱ በበሶ የዘመተ ወታደር በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ እያሞቀ በዚያ ብርድ ተዋጋ፡፡

አንድ ቀን መርካቶ ምናለሽ ተራ ስዞር አንድ ፕሪሙስ አየሁ፤ እግሩ የጎደለ፣ ነሐሱ የጠቆረ፡፡ ከተሰባበረ የቧንቧ ቁራጭ ጋር በኪሎ ሊሸጥ ተቀምጦአል፡፡ ገዝቼው ወልውዬ መደርደሪያዬ ላይ አኑሬዋለሁ፡፡ የብርኩታን ድንጋይ ግን የሚሰበስብ የለም፤ ዳቦው ሲቆረስ እዚያው መንገድ ዳር ይጣላል፡፡