ጥይት ፍለጋ፦ የራጅ መሣሪያ ከናፖሊ እስከ አባይ ዳር

በየሐኪም ቤቱ ደጅ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ራጅ» ነው። «ራጅ ተነሥተህ ና አሉኝ»፣ «ራጁ ምን አሳየ?» እንባባላለን። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጨረሮች» ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጣሊያን፣ ጥይትና ራጅ በአንድ ላይ የተገናኙበት ዓመት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ 1888 ዓ.ም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895) በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ፣ ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው የፊዚክስ መምህር ክፍሉን አጨልሞ ሲሠራ ነበር። በጥቁር ወረቀት ከሸፈነው የብርጭቆ ቱቦ የሚወጣ የማይታይ ጨረር ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራው አየ። ጨረሩ ሥጋን እንደ ልቡ ያልፋል፤ አጥንትና ብረት ግን ይገቱታል። ከሳምንታት በኋላ የባለቤቱን እጅ በዚሁ ጨረር ሲያነሣው የጣቶቿ አጥንትና የጋብቻ ቀለበቷ ወለል ብለው ታዩ። ሮንትገን በግኝቱ ላይ የባለቤትነት መብት አልጠየቀምና ብዙ አገሮች ወዲያው ሠሩበት። ከዚያች ቀን አንሥቶ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ እስከ ዓድዋ ድል ድረስ፣ አራት ወር እንኳ አልሞላም።

ለመሆኑ ከዚያ በፊት በሰው ገላ ውስጥ የቀረ ጥይት እንዴት ይፈለግ ነበር? በሐኪሙ ጣትና በቀጭን የብረት ዘንግ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1881 በጥይት ሲመቱ ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣታቸው ቁስሉን ደጋግመው ፈተሹት። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ይዞ ቢመጣም፣ ዋናው ሐኪም በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈልግ ስለፈቀደለት አላገኘውም። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ ከአከርካሪው በስተግራ ተገኘ። ያን ሁሉ ሐኪም የሰበሰበ ታላቅ ሰው እንዲህ ከሞተ፣ የተራው ወታደር ዕጣ ምን እንደነበረ መገመት አያቅትም።

የእኛ ሰው ከዓድዋ ሲመለስ ያለው ተስፋ ወጌሻ ነበር። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት በጣቱ ዳስሶ የመጠገን ጥበብ አለው፤ ጠልቆ የገባ ጥይት ግን ለጣት አይነገርም። ጦርነቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ከሩሲያ የመጣው የቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ ቁስለኞችን አክሟል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚድነው ድኗል፤ የሚሞተውም ሞቷል።

ከዚያ ዘመቻ ቆስለው በመርከብ ወደ አገራቸው የተመለሱትን ጣሊያኖች ግን ሌላ ነገር ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896፣ ገና ያው የእኛ 1888 ዓ.ም ሳይወጣ፣ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ናፖሊ በሚገኘው የወታደሮች ሆስፒታል በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ወታደሮችን ክንድ በራጅ መርምሮ የጥይቶቹን ቦታ ለየ። ይህ ምርመራ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። ድሉ የእኛ ነበር፤ ጥይቱን የሚያሳየው ብርሃን ግን የተሸናፊው ወገን ነበር።

ይሁን እንጂ ለጣሊያኑም ቢሆን መሣሪያው ያለው ናፖሊ ነው። ባሕር ለመሻገር ያልታደለ ቁስለኛ ከእኛው ሰው የተለየ ዕድል አልነበረውም። ትልቁ ጥያቄ «መሣሪያው ተፈጠረ ወይ?» ሳይሆን «ቁስለኛው ዘንድ ደረሰ ወይ?» የሚለው ሆነ።

መልሱ የተሞከረው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት ጊዜ ሜጀር ባተርስቢ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የራጅ መሣሪያውን ጭኖ አባይ ዳር አባዲየህ በተባለ ቦታ ተከለው። ኤሌክትሪክ በሌለበት በረሃ ዲናሞውን የሚያዞሩት ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ፔዳል የሚረግጡ ወታደሮች ነበሩ። ወደዚያ ከመጡት 121 እንግሊዛውያን ቁስለኞች መካከል በ21ዱ ላይ ጥይት መኖር አለመኖሩን በተለመደው መንገድ መለየት አልተቻለም ነበር። ራጁ በ20ው ላይ ቁርጡን አሳወቀ። ያ ማለት ሃያ ሰው ላይ በግምት ሥጋ መቆራረጥ ቀረ፤ የሐኪሙም ጊዜ ለሌላው ቁስለኛ ተረፈ ማለት ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲፈነዳ ማሪ ኩሪ ይህንኑ ሐሳብ አሰፋችው። መሣሪያውን በመኪና ላይ አስጭና፣ ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ሞተር እያመነጨች ወደ ጦር ግንባር ወሰደችው። መኪናው ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ስለገባትም 150 ያህል ሴቶችን በራጅ ሥራ አሠለጠነች።

ብርሃኑ ዕዳም ነበረበት። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ጨረሩን በገዛ እጁ ላይ ሲሞክር ኖሮ፣ ክንዶቹ ከተቆረጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 በካንሰር ሞተ። ዛሬ የራጅ ባለሙያ ከግርዶሽ ጀርባ የሚቆመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ሞት ተምሮ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ራጅ ሰው ያዳነው ኃይል፣ የሠለጠነ እጅና ለበሽተኛው ቅርበት ሲሟሉለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል በሣጥን ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ዛሬም አንድ ገበሬ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ተሸክመውት፣ «ራጅ እዚህ የለም፣ ወደ ከተማ ውሰዱት» ሲባል፣ ከ1888ቱ ቁስለኛ የሚለየው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ተገዛ ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የት ይተከላል? መብራቱ ከየት ይመጣል? የሚሠራበትስ ማነው?