ስለ ቴሌቪዥን መፈተኛ ሥዕል አጭር ታሪክ

ግንበኛ ግድግዳው መቃናቱን በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ ቱምቢ ያወርዳል እንጂ። ቴሌቪዥንም የራሱ ቱምቢ አለው፤ ይኸውም መልኩ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ መፈተኛ ሥዕል ነው። የተላከው ምን እንደ ሆነ ከታወቀ ዘንድ፥ የደረሰው ተጣሞ ወይም ደብዝዞ ቢገኝ ጉድለቱ ከመሣሪያው መሆኑ ይገለጣልና።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበረ። በዚያ ዘመን በውጭ አገር የተለመደው መፈተኛ ሞኖስኮፕ በሚባል የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የታተመ ሥዕል ነው፤ የኤሌክትሮን ጨረር ሥዕሉን እየዳሰሰ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል። ክቡ እንደ እንቁላል ቢሞላለል፥ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እርስ በርሳቸው ቢዋሐዱ፥ ባለሙያው ምን እንደሚያቃና ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበን የመስመሮቹ ነገር ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናትና፥ እርስዋ ከደበዘዘች ንባቡ ተበላሸ ማለት ነው።

የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሚከበርበት ወቅት የቀለም ሥርጭት ሲመጣ መፈተኛውም ባለ ቀለም መሆን ነበረበት። ለዚህ በዓለም የታወቀው ሥዕል ሰባት ቋሚ ዘርፎች አሉት፤ ነጭ፥ ቢጫ፥ ውሃ ሰማያዊ፥ አረንጓዴ፥ ደማቅ ወይን ጠጅ፥ ቀይና ሰማያዊ። የተደረደሩት ከብሩሁ ወደ ጨለማው ስለ ሆነ፥ በጥቁርና ነጭ መቀበያ የሚያይ ሰው እንደ ደረጃ የሚወርድ ግራጫ ብቻ ይታየዋል። እንግሊዞች በ1959 ዓ.ም. ባወጡት መፈተኛ ላይ ደግሞ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አኖሩበት፤ የሰው ፊት ቀለሙ ሲዛባ ማንም ቶሎ ያስተውላልና። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአንዲት ፈረንጅ ልጅ ፊት የጠይሙን ሁሉ ፊት ሊፈትን አይችልም እንላለን።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ያን ጊዜ በመንዝ ደጋ የተማሩ ታላላቆቻችን እንዳጫወቱን፥ በክፍላቸው የነበረው ፕላዝማ ቀለሙ የተዛባ ነበረ። አስተማሪዋ በመስኮቱ ሆና አሲድ የነካው ሰማያዊ ሊትመስ ቀላ ስትል፥ እነርሱ የሚያዩት ወይን ጠጅ ነው። ያዩትንም በደብተራቸው ጻፉ፤ በፈተናም ያንኑ መልሰው ነጥብ አጡ። ቀለሙ የሚስተካከልበት ሪሞት ግን፥ እንዳይጠፋ ተብሎ፥ በቢሮ ሣጥን ተቆልፎበት ነበረ።