የሐረር በሮችና የአካውንት ፕሮግራም ፍተሻ

ሐረር ከተማን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጊዜ እንደ ተሠራ የታወቀ ነው። ግንቡ አምስት በሮች ነበሩት፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። በአሚሮቹ ዘመን ሲመሽ በሮቹ ይቆለፉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ከከተማው የሚወጣ አልነበረም። ዛሬ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን አካውንት የሚያስተዳድር ፕሮግራም የሚሠራውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ማን ይግባ፣ ምን ይፈቀድለት፣ ፈቃዱስ መቼ ያብቃ የሚለውን መወሰን ነው።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚመዘነው ባለፈቃዱን በማስገባቱ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1855 ሐረር ሲገባ፣ በየመን ኤደን ከነበረው የእንግሊዝ የፖለቲካ ወኪል ለአሚር አሕመድ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ይዞ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ግን ራሱ በርተን ነው፤ ይህንንም በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሳይደብቅ ተርኮታል። መሣሪያውን እንዲያስረክብ ቢጠየቅም ከክርክር በኋላ ሽጉጡን እንደ ታጠቀ አሚሩ ፊት ቀረበ። በረኞቹ ሥራቸውን ቸል አላሉም፤ እንግዳውን አቁመው አሚሩን አስፈቅደዋል። ሆኖም ደብዳቤው የእውነት ከኤደን የመጣ መሆኑን የሚያጣሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

የኮምፒውተር ታሪክም የራሱ ምሳሌ አለው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር እንዲገለገሉ ያስቻለው ሲቲኤስኤስ የተባለው ሥርዓት ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ነበረው። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ሲያርሙ ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል አነበበ። የማረሚያው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲያገለግል የታቀደ ነበርና፣ ለአንዱ ሲሠራ እንከን አይታይበትም ነበር።

በኢትዮጵያም በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በአንዲት ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ መጠኑ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ ምክንያቱም የውጭ ጥቃት ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ችግር መሆኑን ገልጿል። የባንክ ሒሳብ ከተጠቃሚ አካውንት ቢለይም በሁለቱም ፕሮግራሙ ሊከለክል የሚገባው ጊዜ አለ።

ዩኒት ቴስት የሚባለው ፍተሻ የፕሮግራሙን እያንዳንዱን ትንሽ ክፍል ለብቻው፣ በሌላ ፕሮግራም አማካይነት መመርመር ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 ለጃቫ ቋንቋ ያዘጋጁት ጄዩኒት ዘዴውን በሰፊው አስለምዷል። በክላውድ አካውንቶቹ የሚገኙት በአከራዩ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ ስለሆነ፣ በየፍተሻው እውነተኛ አካውንት መክፈት ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። ስለዚህ ፈታሹ የአከራዩን ሥርዓት ተክቶ መልስ የሚሰጥ አስመሳይ ፕሮግራም ያቆማል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ አስመሳዩ ሁልጊዜ «ተፈቅዷል» የሚል ከሆነ ፍተሻው የሚያየው እውነተኛ ደብዳቤ የያዙ እንግዶችን ብቻ ነው። ተማሪዎች ፕሮግራም ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ማርክ የሚያገኙት ትክክለኛ ግብዓት ተሰጥቶት ትክክለኛ መልስ ስላወጣ ብቻ መሆኑ ይህን ልማድ ያጠነክረዋል።

ስለሆነም አስመሳዩ «ተከልክሏል» ብሎ እንዲመልስ፣ መልስ ሳይሰጥ እንዲዘገይ፣ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንዲቀበል መደረግ አለበት። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ አካውንት፣ ቀኑ ያለፈበት ፈቃድ፣ በአንድ ስም በአንድ ጊዜ የቀረቡ ሁለት የመክፈቻ ጥያቄዎች የየራሳቸው ፍተሻ ይጻፍላቸዋል። ይህም ሁሉ ተደርጎ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ የሚነሣውን ስሕተት ዩኒት ቴስት አያሳይም፤ አምስቱም በሮች በየግላቸው መቆለፋቸው ቁልፎቹ አሚሩ እጅ መድረሳቸውን አያረጋግጥምና፣ ለዚያ በሙሉው ሥርዓት ላይ የሚካሄድ ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል።