ሳይተነፍስ የሚዘፍነው ማነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጌ የጨንቻ ወግ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥታችሁ አባያንና ጫሞን ከኋላ ትታችሁ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ስትወጡ፣ ጉሙ መኪናውን ሲውጠው፣ ያን ጊዜ ጨንቻ ደረሳችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ጋቢ የሚደረበው ለጌጥ አይደለም።

ባለታሪካችን የሸማኔ ልጅ ነው፤ ስሙን ልተወው። አባቱ እንደ ብዙ የዚያው አገር ዶርዜዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገብተው ጥበብ ሲሸምኑ ነው ያሳደጉት። ልጁ ግን ልቡ ወደ ዘፈን ሸክላ ሄደ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ኩባንያ ከፍቶ እነ ዓለማየሁ እሸቴን ሲያሳትም የወጡትን አንድ በአንድ ለቀመ። ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ ሲያስወጣ ሌላው ሰው ማጫወቻውን ሸጠ፤ እሱ አልሸጠም። በስተርጅና ወደ አባቱ አገር ሲመለስ ሸክላዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ።

ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ግን የአዲስ አበባ ሸክላ አይደለም። በርናር ሎርታ ዣኮብ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ የዶርዜን የኅብረት ዜማ ቀድቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በፈረንሳይ አገር በሸክላ ታተመ። የዶርዜን ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው ዓይነት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፤ አንዱ ባቆመበት ሌላው ይሞላል፣ ከላይ ቀጭኑ ይፈናጠራል፣ ከታች ወፍራሙ ይይዛል። አንዱ ድምፅ ከጎደለ ዘፈኑ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ሰውየው ሸክላውን በሚያሰማበት መሣሪያ ላይ ሙግት የመጣው።

መሣሪያው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው፤ ያውም ቲዩብ በሚባለው አምፖል መሰል መስታወት የሚሠራ፣ በጊዜው ውድ የነበረ። ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ መስመሩ ሰፍቶ ጎረቤቱን ይነካል። ቀጭኑ ደግሞ ከሸክላው ፍሽታ በላይ እንዲሰማ ከፍ ይደረጋል። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ወጥ ሆኖ ጸደቀ። ፎኖው ያንን ይገለብጠዋል፤ በ20 ኸርትዝ ላይ ወደ 20 ዴሲቤል መልሶ ይጨምራል፣ በ20 ሺህ ላይ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከመርፌው የምትመጣውን ኢምንት ኤሌክትሪክ፣ አምስት ሚሊቮልት እንኳ የማትሞላውን፣ መቶ እጥፍ ያሳድጋታል። ስለዚህ ፎኖው መግቢያ ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት አብራ መቶ እጥፍ ታድጋለች።

አንድ ምሽት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርቶ ያንን የዶርዜ ሸክላ አጫወተላቸው። ወጣት ሳሉ የዘፈኑትን ዓይነት ዘፈን ነው። ዝም ብለው ሰሙ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዱ አባት ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ሌሎቹን ለየኋቸው። ከታች ሆኖ ሳይተነፍስ የሚዘፍነው ግን ማነው?»

ማንም አልነበረም። ፎኖው ነው የሚያጉረመርመው! ባለቤቱ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የመጣውን ጉርምርምታ ስለለመደው አይሰማውም ነበር፤ እንግዳው ጆሮ ግን እንደ አንድ ዘፋኝ ቆጠረው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ውጭ አገር ላለች እህቱ ሲነግራት «አሮጌውን ጣለው፣ አዲስ ልላክልህ፤ የአሁኖቹ ጉርምርምታ የላቸውም» አለችው። የአዲስ አበባ ወዳጁ ደግሞ «ፎኖው ምንም አልሆነም፤ ከተዘጉ የጀርመን ፋብሪካዎች የተረፉ የድሮ ቲዩቦች ፈልግና ለውጥ» አለው። ሁለቱም ሳያዩ ነው የፈረዱት። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ የሚከፋው የወዳጁ ምክር ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ የሚገዛ ውድ ቲዩብ የባከነ ገንዘብ ነው።

መሣሪያውን ጠቅልሎ አርባ ምንጭ ወረደ። ጠጋኙ ልጅ እግር ነው፤ ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር እየጠገነ የሚኖር። ግን አዋቂ ነው፤ የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ ዛሬ አንሰካውም» ነበር። ከብርድ የመጣ ብረት ቆላው ወበቅ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ቲዩቡ ደግሞ ከ250 ቮልት በላይ ይጎርሳል። አሳደሩት።

በማግስቱ መጀመሪያ ያለ ማጫወቻ አበራው። ጉርምርምታው አልጠፋም፤ እንግዲያው ጥፋቱ የመርፌውም የመሬት ሽቦውም አይደለም። ቀጥሎ የግራውን ቲዩብ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። እስካሁን ማንም ልብ ያላለው ፍሽታ ከግራ ወደ ቀኝ አብሮ ሄደ፤ ጉርምርምታው ግን በሁለቱም በኩል እንዳለ ቀረ። እንግዲህ አንዱ ቲዩብ ደክሟል፤ ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ቦታ ነው። ድምፁን ለካው፦ 100 ኸርትዝ። የቤታችን መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ሲደረግ የሚተወው ሞገድ እጥፉ፣ 100 ነው። ያን ሞገድ ማለስለስ ያለባቸው ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ሽማግሌው ዘፋኝ የመሰላቸው ለምን እንደሆነም ግልጽ ሆነ፤ 100 ኸርትዝ የወፍራም ወንድ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሽማግሌው የሌለ ሰው የሰሙት በከንቱ አልነበረም።

እዚህ ላይ የዶርዜን ቤት አንሡ። ከቀርከሃ የተሸመነ፣ እንደ ዝሆን ግንባር ወደ ፊት የወጣ ትልቅ ቤት። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቱ ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላውን ይቆርጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ መሬት ይወስደዋል። ሽመናው ራሱ እስካልለቀቀ ድረስ ቤቱ ቤት ነው። ጠጋኙም ያየው ይህንኑ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ደህና፣ የውስጥ ሽቦው በእጅ የተበየደ፣ ቲዩቦቹም ዛሬም ሩሲያና ስሎቫኪያ የሚመረቱ ዓይነት። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ቢሆን፣ ወይም ቲዩቡ ከምድር የጠፋ ዓይነት ቢሆን፣ እኔም የእህቱን ምክር ተቀበል እለው ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረ፤ እሱም እውነተኛው የማሻሻል ጥያቄ ነው። ሰውየው በቅርቡ የገዛው መርፌ ሙቪንግ ኮይል የሚባለው፣ 0.3 ሚሊቮልት ብቻ የሚሰጥ ነው። መቶ እጥፍ ቢያድግ 30 ሚሊቮልት፤ አይበቃም። ድምፅ ሲያንስ መክፈቻውን ይጨምራል፣ ሲጨምር ፍሽታውም ይጨምራል። አዲስ ፎኖ የሚያስመኘው ይህ ነበር። ጠጋኙ ግን አሥር እጥፍ የሚያሳድግ ትንሽ ትራንስፎርመር ከፊት ይግባ አለ። 300 ሚሊቮልት ይሆናል፣ መብራት አይፈልግም፣ ከራሱ የሚጨምረው ፍሽታም ከቁጥር አይገባም። ቲዩብ በጣም ትንሽ ድምፅ ሲሰጡት ያፏጫልና ይህ ረዳት ለእሱ ተስማሚ ነው።

እህቱም አዲስ ፎኖ በመላክ ፈንታ ካፓሲተሮቹን፣ አንድ ቲዩብና ያንን ትራንስፎርመር ላከች። ካፓሲተሮቹ የሚችሉት ቮልቴጅ ከቀድሞዎቹ እንዳያንስ ጠጋኙ አስጠንቅቆ ነበር። ከሥራው በፊት በውስጣቸው የቀረውን ኤሌክትሪክ አፈሰሰው፤ እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን እንዳታስገቡ፣ መሣሪያው ጠፍቶም ይገድላል።

ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር ዳግመኛ ተጠሩ። ዘፈኑ ሲጀምር ጣታቸውን እያነሡ ድምፁን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሲያበቃ «አሁን ሁሉም ይተነፍሳል» አሉ። ወዲያው ደግሞ ወቀሳ ጀመሩ፦ የሁለተኛው ወገን አገባብ በእሳቸው ሰፈር እንዲህ አልነበረም፣ ቀደም ይል ነበር። ሌላው አባት አይደለም አሉ። ሁለቱ አባቶች እየዘፈኑ ተከራከሩ፣ አንዲት እማማም ከጓዳ ወጥተው ሦስተኛውን ድምፅ ያዙ።

ከአዲሱ ፎኖ ዋጋ የተረፈው ገንዘብ እህቱ ዘንድ ነበር። ሰውየው በዚያ ገንዘብ መቅረጫና ሁለት ማይክራፎን ላኪልኝ አላት። ለመስቀል፣ ከየሰፈሩ የወጣው ልጅ ሁሉ ወደ ጋሞ ደጋ ሲመለስ፣ ሁለቱም አባቶች በየራሳቸው አገባብ ሊቀዱ ቀጠሮ ይዘዋል።