ባለቤትና ተከራይ በአንድ ድንኳን

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በአብዛኛው ከመኳንንት፣ ከደብር፣ ከወንዝ ወይም ከሙያ ነው። ውቤ በረሃ የደጃች ውቤን፣ ሠራተኛ ሰፈር የእደ ጥበብ ሰዎችን ስም ይዘው ቀርተዋል። የእኛ ሰፈር የሲኤምሲ ስም ግን ከሦስት የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገኘ ነው። «ኮኦፔራቲቫ ሙራቶሪ ኤ ቼሜንቲስቲ» ማለት የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ራቬና በምትባል የጣሊያን ከተማ ግንበኞች ተሰባስበው ያቋቋሙት ማኅበር አድጎ ባሕር ተሻግሮ የሚሠራ ተቋራጭ ሆነ፤ አገራችንም መጥቶ ሠራ፤ ስሙንም ለሰፈሩ ትቶ ሄደ። መገናኛ ላይ ቆሞ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ሳያውቀው የሚጠራው የማኅበር ስም ነው።

የማኅበር ስም የተሸከመ ሰፈር ውስጥ መኖሬ ስለ ሰፈር ማኅበር እንዳስብ ገፋፍቶኛል። ስለ ሰፈር ማኅበር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ይምራው?» የሚለው ነው። ሊቀ መንበሩ ታማኝ ነው ወይ? ገንዘብ ያዡስ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከነዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። አባሉ ማን ነው? የሰፈሩ ሰው ተብሎ የሚቆጠረውስ? አዲስ አበባ ባለፉት ሰባ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሰጠቻቸው መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር ለከተማዪቱ የተመረጠ ምክር ቤት ሰጣት። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነበር። ነገር ግን የምርጫው መብት የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ነዋሪ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማዪቱ መሬት በአመዛኙ በቤተ መንግሥት፣ በቤተ ክህነትና በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በጭሰኝነትና በኪራይ ይኖር ስለነበር የከተማዋ ሰው ሆኖ ሳለ ለከተማዋ ምርጫ ባዕድ ነበር።

አብዮቱ መጣና ሚዛኑ ተገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚሁ አዋጅ ቀበሌ፣ ከፍተኛና ማዕከላዊ የሚባሉ የከተማ ነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተፈጠሩ። ትናንት ተከራይ የነበረው ዛሬ መራጭና ተመራጭ ሆነ። በአንጻሩ ባለትርፍ ቤቶቹ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ከማኅበሩ ምርጫ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ያኔ ያልተቆጠረው ተከራይ ነበር፤ አሁን ደግሞ የማይቆጠረው ባለቤቱ ሆነ።

ለቀበሌ ፍርዱን በሚዛን እንስጠው። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ ይሰበስብ ነበር። በገንዘቡም መንገድና መጸዳጃ ቤት የሠራ፣ ማይምነትን የተዋጋ ቀበሌ ነበረ። ይሁን እንጂ በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ሥልጣኑን ሲያጠናክርለት የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ የያዘ አካል ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለብዙ እናቶች ምን ማለት እንደነበር ለአንባቢ መንገር «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብኛል። ስኳርና ዘይቱም፣ መታወቂያውም፣ ጠመንጃውም ከአንድ በር ሲወጡ ነዋሪው ወደዚያ በር የሚሄደው ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ ሆነ። ስሙ የነዋሪዎች ማኅበር ቢሆንም ሥራው የመንግሥት ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጎን አንድ ነገር ዝም ብሎ ይኖር ነበር፤ እድር። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ዘመዱን ጥሎ ስለመጣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ስጋት ከጎረቤቱ ጋር አስተሳሰረው። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ የከተማው እድር እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ አገራችን የመረዳጃ ማኅበራት በጻፉበት ጊዜ እድር የከተማ ኑሮ አንድ ምሰሶ ሆኖ ነበር። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ እሱ አልፈረሰም። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ የተሻረው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እንኳ እድርና ዕቁብን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ነው ያለፋቸው።

ለምን አልፈረሰም? አንዱ ምክንያት በእኔ ግምት የአባልነት መለኪያው ነው። እድር በአብዛኛው የቤት ካርታ አምጣ አይልም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የወር መዋጮህን ክፈል፤ ሰው ሲሞት ተገኝ። የጥሩምባው ድምፅ ሲሰማ ባለ ፎቁም ባለ አንድ ክፍሉም ይወጣል። ያልተገኘ ይቀጣል፤ ቅጣቱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ያሰማል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። አንዲት ሳህን ብትጎድል የሚጠየቅ ሰው አለ። መሪውን ሕዝቡ የሚቆጣጠረው በዚህ ዓይነት ትንንሽ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሪው ራሱ ነገ ሟች ነውና ጎረቤቱን ማስቀየም ይፈራል።

እድርን ጽድቅ ብቻ አድርጌ ላቀርብ አልሻም። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቀድሞ የተጠራቀመውን ሀብት የሚመጥን መግቢያ እንዲከፍል ሲጠየቅ የእለት ጉርስ ፈላጊው ደጅ ይቀራል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነው፤ ሴቶች የራሳቸውን እድር ማቋቋማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲያም ሆኖ እድር የሚዘጋው በር በገንዘብና በልማድ የተሠራ ነው። ጉባኤው ከፈለገ ሊከፍተው ይችላል።

ወደ ዛሬው ሲኤምሲ ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው የከተማ ባቡር ሰፈሩን ከመሐል ከተማ ጋር አያያዘው። የማኅበር ቤቶች፣ የሪል ስቴት መንደሮችና ኮንዶሚኒየሞች ጎን ለጎን ቆመዋል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃን ጉዳይ የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲሆን ደንግጓል። ለጣሪያውና ለደረጃው እድሳት ይህ ትክክል ነው፤ ንብረቱ የነሱ ነውና። ችግሩ የሚመጣው ይኸው አሠራር ለጥበቃው፣ ለቆሻሻው፣ ለመብራቱና ለበሩ ሁሉ መለኪያ ሲሆን ነው።

እኔ ተከራይ ነኝ። የጥበቃ መዋጮዬን በየወሩ እከፍላለሁ። በአንድ የመንደራችን ስብሰባ ላይ የዋናው በር መዝጊያ ሰዓት ለድምፅ ሲቀርብ ግን ሰብሳቢው «ተከራዮች እጃችሁን አታውጡ» አሉን። በሩ በጊዜ ሲዘጋ ውጭ የሚያድረው አምሽቶ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ነው፤ ከእኛም ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1954ቱ ቻርተር ከነሕይወቱ ተነሥቶ ፊቴ የቆመ መሰለኝ።

የባለቤቶቹን ክርክር አልንቀውም። «ተከራይ ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። የእሱ ውሳኔ ጣጣው ለእኛ ይተርፋል» ይላሉ። ግን ተከራዩ ነገ የማይኖረው ብዙ ጊዜ ወድዶ አይደለም፤ ኪራይ ተጨምሮበት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚኖር ሰው መንገደኛ አይባልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅ ይወለድለታል፤ ሐዘንም ይደርስበታል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የንብረቱ ጉዳይ ለባለቤቶች ይሁን፤ የኑሮው ጉዳይ ደግሞ ለነዋሪው ሁሉ። ለሊፍት መለወጫ ባለቤቱ ድምፅ ይስጥ፤ ለበሩ ሰዓትና ለዘቡ ቅጥር የሚያዋጣው ሁሉ እጁን ያውጣ። መዝገቡ በስብሰባ ይነበብ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ የመንደሩን መተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ማሻሻል ይበቃል።

አንድ ጊዜ ባለቤቱን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ተከራዩን ብቻ ቆጥረን አየነው፤ ሁለቱም ጎረቤትን ከጎረቤት ከማራራቅ በቀር የፈየዱት ነገር የለም። ሐዘን ሲደርስ በአንድ ድንኳን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠን ደንብ አለን። ለቀብር የሚሆን ደንብ ለኑሮ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።