ስማቸው በእንጨት ላይ የማይጻፍ ሙታን

እስቲ ቀረብ በሉና ስለ ባሕር ሰዎች ላውጋችሁ።

በፊሊፒንስ ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ ቦርኒዮ በሚያመራው ባሕር ላይ፣ ሱሉ የሚባሉ ደሴቶች ተርታውን ተሰልፈዋል። በዚያ ሳማ ዲላውት የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ባጃው ይሏቸዋል። ለብዙ ትውልድ ቤታቸው ሌፓ የምትባል ጀልባ ነበረች። እሷ ላይ ይወልዱ፣ እሷ ላይ ያበስሉ፣ እሷ ላይ ያረጁ ነበር። የብስ የሚወጡት ለውሃ፣ ለማገዶ፣ ለካሳቫ ብለው ነበር።

ታዲያ ሰው ሲሞትባቸውስ? ለባሕር የሚሰጡት ይመስላችሁ ይሆናል። የለም! አስከሬኑን ጭነው ወደ መቃብር ደሴት ይቀዝፋሉ። ከእነዚሁ ደሴቶች መካከል የታዊ-ታዊ ሳማዎች ቡናቡናአን የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረቻቸው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ክንድ መሬት ያልነበረው ሰው፣ በሞቱ የመሬት ባለቤት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እነሱ ዘንድ የከረመው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አርሎ ኒሞ እንደመዘገበው፣ ቀድሞ የሟቹ ጀልባ ራሷ ትፈርስና ሣንቃዋ የሬሳ ሣጥን ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሱንዱክ የሚተከለው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ሱንዱክ በመቃብር ላይ የሚቆም ቅርጽ ነው። ለወንድ ከሆነ ቀጥ ያለ ድቡልቡል ምሰሶ ነው፤ ጫፉ ላይ ጉብ ያለ ራስ አለው። ለሴት ከሆነ ጠፍጣፋ ሣንቃ ነው፤ ጠርዙ እየገባ እየወጣ የተጠረበ። አንዳንዱ የሚቆመው ጀልባ በሚመስል መቀመጫ ላይ ነው። ስም የለበትም፣ ዓመተ ምሕረት የለበትም። ያለበት ኡኪል የሚባለው ቅርጽ ነው፦ ሐረጉ ይጠማዘዛል፣ ከሐረጉ ቅጠል ይወጣል፣ ቅጠሉ ተመልሶ በራሱ ላይ ይጠቀለላል። ይኸው ቅርጽ በሌፓዋ አፍንጫ ላይም ይቀረጻል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ሰውየውን በማዕበል ላይ ሲመራው የኖረው ጌጥ መቃብሩ ድረስ ይከተለዋል።

መቃብሩም አይረሳም። ኡምቦ የሚሏቸው የቀደሙ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው እንደማይለዩ ያምናሉ። ሰው ሲታመም፣ «አያቶችን ችላ ብለን ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መባም ይቀርባል።

ኋላ ክፉ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1974 የካቲት ወር በሱሉ ያለችው የጆሎ ከተማ በጦርነት ነደደች። በዚያ ዘመን ከሱሉ ብዙ ሰው ወደ ማሌዥያዋ ሳባህ ሸሸ፤ በሳባህ ባሕር ላይ ካሉት ባጃዎች ብዙዎቹ ዛሬም አገር አልባ ናቸው። በሌፓ የሚኖረው ሰው አነሰ፤ እንደ ሲታንካይ ባሉ ቦታዎች በውሃ ላይ በተተከሉ ቋሚዎች የተሠሩ ቤቶች በዙ። የሱንዱኩ እንጨት ደግሞ ለፀሐይና ለጨው ነፋስ ምን ያህል ይችላል? ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል።

ሳይበሰብስ የቀረው ሁሉ ግን በቦታው የለም። ሱንዱክ ዛሬ በሙዚየም ይታያል፤ በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴም ይሸጣል። «የሱሉ ቅርጽ፣ እንጨት» ተብሎ ዋጋ ይለጠፍበታል። ስም ላልተጻፈበት መቃብር ግን ምልክቱ ያ እንጨት ብቻ ነበር፤ እሱ ከተነቀለ ልጆቹ አባታቸውን በየትኛው አሸዋ ሥር ይፈልጉት? ያለ ቤተሰብ ፈቃድ የተነቀለ ሱንዱክ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የመቃብር ዝርፊያ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በሄዳችሁበት አገር ከመስታወት ጀርባ ቆሞ ብታገኙት፣ በውበቱ ተደንቃችሁ ብቻ አትለፉ። ከየትኛው ደሴት እንደመጣ፣ ማንስ እንደፈቀደ ጠባቂውን ጠይቁልኝ።